ጎጆ መውጣት በአሶሳ ዳርቻ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ከተማ ዕድገት ሲነገር አዘውትሮ የሚነሣው የመንገድ ስፋት፣ የውኃ መስመር ርዝመትና የሚሠራው ቤት ብዛት ነው። ሙያው ይኸው ነውና የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ጎልማሳ በከተማ ዳርቻ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲያገኝ ወይም ሲያጣ፣ ከቦታው ጋር አብሮ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በሰው ፊት እንደ ሙሉ ሰው መቆጠር ነው። ይህ ነገር በፕላን ወረቀት ላይ አይሣልም። ሳይሣል በመቅረቱ የሚመጣው መዘዝ ግን ተመልሶ በፕላኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

«ወንድነት» የሚለው ቃል በአማርኛ ከጀግንነት ጋር ተጣብቆ የኖረ በመሆኑ፣ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ አንባቢን ፈገግ ያሰኛል። የማኅበራዊ ጥናት ሰዎች የሚፈልጉት ትርጉም ግን ከዚህ የሰፋ ነው። አንድ ኅብረተሰብ ወንድ ልጁ ምን ሲያሟላ ነው «ሰው ሆነ» የሚለው? ለዚህ ጥያቄ አማርኛ የቆየ መልስ አለው፤ «ጎጆ ወጣ» ይላል። ጎጆ መውጣት ማግባት ነው፤ ቤት መሥራትም ነው፤ ከአባት ማዕድ ተለይቶ በራስ ምድጃ እሳት ማንደድም ነው። ሦስቱ ነገሮች በአንድ አነጋገር የተጠቃለሉት በአጋጣሚ አይደለም። ወላጆች ለአዲሶቹ ባልና ሚስት የሚሰጡት ላም፣ በሬ ወይም ቁራሽ መሬት «ጎጆ መውጫ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ «መጠለያ» ብሎ በካሬ ሜትር የሚለካው ነገር፣ ለሚገባበት ሰው የአባወራነት ምስክር ወረቀት ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት አገር ነው። ወርቁ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የግብፅን ገዥዎች ስቧል፤ በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዘምተው አገሩ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላም ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን ግብሩን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የወሰን ውል ጠረፉ ሲሠመር የበርታ ሕዝብ ከሁለት ተከፈለ። ኩርሙክ የሚባል ከተማ ዛሬም በጠረፉ በወዲያም በወዲህም አለ። በመሆኑም ከማዶ የሚመጣው «ስደተኛ» ብዙውን ጊዜ በወዲህ በኩል የአጎት ልጅ ያለው ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከተማይቱ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 11,749 ነዋሪዎች ነበሯት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ይህ ቁጥር 24,214 ደረሰ። ይህም በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ዕድገት ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ዩኒቨርሲቲው በ2003 ዓ.ም. ከተመሠረተና የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ በዚያው ዓመት በጉባ ከተጀመረ በኋላ ግን ወደ ክልሉ የሚፈልሰው ሰው እንደ ጨመረ ለማወቅ ቆጠራ አያስፈልግም።

ከተማይቱ የምትሰፋበት መሬት ባዶ መሬት አይደለም። ፕላን አውጪ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ሽመል የበቀለበትን ሜዳ አይቶ «ያልተያዘ» ብሎ ይመዘግባል። የበርታው ገበሬ ግን አንዱን ማሳ ለጥቂት ዓመታት አርሶ፣ አሳርፎ፣ ወደ ሌላው የሚሻገር በመሆኑ፣ ሽመል የበቀለበት መሬት ያረፈ መሬት እንጂ የተተወ መሬት አይደለም። ይህ የአመለካከት ልዩነት አሶሳን አንድ ጊዜ ብቻ አልጎዳም።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ መንግሥት በመላ አገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ከወሎ የመጡ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ። መንደሮቹ ስም አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ነው የተሰጣቸው። አምባ፣ ሰልጋ፣ መገሌ እየተባሉ በተራ ቁጥር ተመዘገቡ፤ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬም ሰው «አገርህ የት ነው?» ሲባል «አምባ 14» ብሎ ይመልሳል። (መሐንዲስ ለጊዜው ብሎ በንድፍ ላይ የጻፈው ቁጥር ስንት ትውልድ ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።) ሠፋሪው በመሥመር የተደረደረ ጎጆና የጓሮ መሬት ተሰጠው፤ ሰፊው እርሻ ግን የጋራ ነበር፤ እህሉም የሚከፋፈለው በሥራ ነጥብ ነበር። በአገሩ በሬውን ጠምዶ የኖረ አባወራ፣ በአሶሳ የተራ ቁጥር ሆነ። ብዙዎች መንገድ ሲያገኙ ተመልሰው ሄዱ፤ የቀሩት ወለዱ፣ ከበዱ፤ ልጆቻቸው ግን የሚካፈሉት በቂ መሬት የላቸውም። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ በአሶሳ ዳርቻ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ ኪራይ ቤት ይፈልጋሉ። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች አድርጎ የሚጠራቸው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው። የሠፋሪው ልጅ እዚያው የተወለደ ቢሆንም፣ በመሬት ጥያቄ ፊት ሲቆም ይህን አንቀጽ ያስታውሳል። ያስታውሱታልም።

ሦስተኛው ወገን ስደተኛው ነው። በአሶሳ አካባቢ የመጀመሪያው ትልቅ ጣቢያ በ1979 ዓ.ም. በጾሬ ተቋቁሞ ነበር፤ ከደቡብ ብሉ ናይል የመጡ የኡዱክና የሌሎች ሕዝቦች ስደተኞች ሰፍረውበት ሳለ በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ አሶሳ ደርሶ በተናቸው። በ1989 ዓ.ም. ሸርቆሌ በሆሞሻ ወረዳ ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. መገባደጃ በብሉ ናይል እንደገና ጦርነት በመነሣቱ በ2004 ዓ.ም. ቶንጎና ባምባሲ፣ በ2007 ዓ.ም. ጾሬ ዳግመኛ፣ በ2009 ዓ.ም. ጉሬ ሸምቦላ ተጨመሩ። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ጣቢያዎቹ በድምሩ ከ60,000 በላይ ሰዎችን ይዘው ነበር። ይህን ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ከተቆጠረው የአሶሳ ከተማ ሕዝብ ጋር ያስተያዩት። የአሶሳ ትልቁ ዳርቻ ከከተማው ድንበር ውጭ፣ በከተማው ፕላን ላይ ያልተሣለ ዳርቻ ነው። ውኃ ይጠጣል፣ ማገዶ ያነዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ልጅ ያስተምራል፤ ነገር ግን ከተማ ተብሎ አይጠራም።

ይህ ዳርቻ የተነደፈው በደንብ ነው፤ ደንቡም በባለ ሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ጠቅላላ የጣቢያ ስፋት፣ ከጣሪያ በታች 3.5 ካሬ ሜትር፣ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ በየ300 ሜትሩ 30 ሜትር የእሳት መከላከያ ክፍተት። እነዚህ ቁጥሮች ሕይወት አድነዋል፤ ማቃለል አይገባም። ችግሩ ደንቡ የተዘጋጀው ለድንገተኛ አደጋ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ ሸርቆሌ ሲከፈት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጎልማሳ መሆኑ ነው። ለዚህ ጎልማሳ 3.5 ካሬ ሜትሩ የእናቱ ቤት ነው። ሲያገባስ የት ይገባል? ደንቡ ስለዚህ ዝም ይላል።

ከአገር ውጭ የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራሉ። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ሲሞን ተርነር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በታንዛኒያ ሉኮሌ በሚባለው ጣቢያ በቡሩንዲ ስደተኞች መካከል ባደረጉት ጥናት፣ ወንዶቹ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ከእነርሱ የተሻለ ባል ሆኗል እያሉ ያማርሩ እንደ ነበር ጽፈዋል። የሚያበላው እርሱ ነው፤ የሚያለብሰው እርሱ ነው፤ ሸራውንም የሚዘረጋው እርሱ ነው። ወጣቶቹ ታዲያ ያጡትን ክብር ፍለጋ ወደ ፖለቲካ ቡድንና ወደ ጣቢያው የጎበዝ አለቅነት ዞሩ። ክሪስ ዶላንም በሰሜን ኡጋንዳ የተፈናቃይ መንደሮች ተመሳሳይ ነገር አይተዋል፤ ወንዱ ማግባት፣ ማስተዳደርና መጠበቅ እንዲችል ይጠበቅበታል፤ ሦስቱንም የሚፈጽምበት መንገድ ግን ተዘግቶበታል። የሚጠበቀው ሳይቀነስ መፈጸሚያው ሲጠፋ ቁጣው በቅድሚያ የሚያርፈው በሚስትና በልጅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የችኮላ ድምዳሜ ማስወገድ ይገባል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የራሽን ካርድ በሴቶች ስም እንዲወጣ ማበረታታቱን አንዳንዶች የወንዶች ውርደት ምንጭ አድርገው ሲያቀርቡት ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። እህሉ በእናት እጅ ሲገባ ልጅ ጋ የመድረሱ ነገር የተሻለ እንደሚሆን ማንኛዋም የባላገር ሴት ታውቀዋለች። ወንዱን ያዋረደው ሚስቱ ካርድ መያዟ አይደለም፤ እርሱ የሚሠራው ነገር በንድፉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ጉድጓዱን ሥራ ተቋራጭ ቆፈረው፤ ማገሩን ድርጅት አቀረበው፤ ቆርቆሮውን ሌላ ሰው መታው። ባለቤቱ የተጠየቀው ተሰልፎ ቁልፍ መቀበል ብቻ ነው።

ደግሞም ወንድነት በየአገሩ አንድ ዐይነት አይደለም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበሩት ፕሮፌሰር ዌንዲ ጄምስ ኡዱኮችን በዚያው በብሉ ናይል፣ ኋላም በስደት በኢትዮጵያ ተከታትለው ያጠኑ ናቸው። እንደ እርሳቸው ጥናት የኡዱክ ትውልድ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፤ የእኅት ልጅ ከራስ ልጅ ይልቅ የወገን ተተኪ ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ ግን «አባወራ፣ ሚስት፣ ልጆች» ይላል፤ ስለዚህ የእኅቱን ልጆች የሚያሳድግ አጎት በቅጹ ላይ ብቻውን የሚኖር ወንድ ሆኖ ይገኛል፤ ቦታውም በዚያው ልክ ይሰጠዋል። በጉሙዝ ዘንድ እኅትን በእኅት የመለዋወጥ ጋብቻ የቆየ ልማድ ነው፤ እኅት የሌለው ጎልማሳ ጎጆ ለመውጣት ይቸገራል፤ ልጃገረዶቹ በልማዱ የሚደርስባቸው በደልም ዛሬ በግልጽ ይነገራል። በበርታ አገር ደግሞ በኩርሙክ፣ በመንጌና በሸርቆሌ ወረዳዎች ወርቅ የምታጥበው ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ የቤቱ ጥሬ ገንዘብ ከእርሷ ገበቴ ይወጣል። ስለዚህ «ወንድ ያመጣል፣ ሴት ታበስላለች» የሚለው አሠራር ከጥንት የነበረ ነው ተብሎ በአሶሳ የሚነደፍ ማናቸውም የመልሶ ማቋቋም ሥራ፣ ነባሩን ባህል እጠብቃለሁ ሲል አዲስ ባህል የሚፈጥር ይሆናል።

አሁን ወደ ከተማው ዳርቻ መመለስ ያሻል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር የቤት መሥሪያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው፤ ቦታ የሚገኘው በዋናነት በጨረታ ነው። ለጨረታ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ጎልማሳ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ከገበሬ በቃል ውል ገዝቶ ሌሊት የጨረቃ ቤት መሥራት። ምሰሶው በምሽት ይተከላል፤ ጎህ ሲቀድ ቆርቆሮው ተመትቷል፤ እሑድ ዕለት ምርጊቱ ያልቃል። ይህ ሥራ ሕገ ወጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ጎጆ መውጣትም ነው፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከተማው ሕጋዊ ሆኖ ሲሰፋ ደግሞ ገበሬው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ ይቀበላል፤ ካሣው ግን ገንዘብ ነው፤ ለልጁ ጎጆ መውጫ የሚሆን መሬት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በደረሰው ግጭት በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀዬአቸው ሲፈናቀሉ በምዕራቡ አገር ቤት ፈላጊው እንደገና በዛ።

እንግዲህ በአንድ ዳርቻ ሦስት ጎልማሶች ቆመዋል። አንደኛው የአባቱ መሬት በከተማ ተውጦ ካሣው በወንድሞቹ መካከል የተበተነ የበርታ ልጅ ነው። ሁለተኛው በተራ ቁጥር መንደር የተወለደ የሠፋሪ ልጅ ነው። ሦስተኛው ካርድ እንጂ መታወቂያ የሌለው የጣቢያ ልጅ ነው። ሦስቱም በአንድ የቀን ሥራ ገበያ ይሰለፋሉ፤ የሚፈልጉትም አንድ ነገር ነው። ይህን እንደ ሦስት የተለያየ ጉዳይ ሦስት መሥሪያ ቤት ይዞታል፦ የመጀመሪያውን የከተማ ልማት፣ ሁለተኛውን የገጠር መሬት፣ ሦስተኛውን የስደተኞች አገልግሎት። በዳርቻው ላይ ግን የሚተያዩት ሦስቱ ጎልማሶች ናቸው እንጂ መሥሪያ ቤቶቹ አይደሉም። በጥር 2014 ዓ.ም. በቶንጎ አካባቢ በተነሣው ውጊያ ጣቢያው ተዘርፎ ሲቃጠል ከ20,000 በላይ ስደተኞች እንደገና መሰደዳቸው የሚያሳየው፣ በአካባቢው ሕይወት ሥር ያልሰደደ ሰፈር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚነቀል ነው።

ሕጉ ከቀድሞው ይልቅ ሰፊ በር ከፍቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ከገባቸው ዘጠኝ ቃሎች አንዱ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በአገሪቱ የኖሩ ስደተኞች ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲቀላቀሉ ማድረግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ለስደተኞች የሥራ መብት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 4፣ መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በጋራ ለስደተኛውም ለዜጋውም ጥቅም በነደፏቸው የገጠርና የከተማ ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠራ ስደተኛ በዚያው ፕሮጀክት ከሚሠራው ኢትዮጵያዊ ጋር በእኩል እንዲታይ ይደነግጋል። ይህች ንዑስ አንቀጽ ለመሐንዲስ ከሌሎቹ ሁሉ የምትበልጥ ናት። የመንገድ፣ የውኃና የቤት ሥራ ውል የሚያዘጋጀው እርሱ ነውና፣ የሠራተኛው ቡድን ከሦስቱም ወገን ተቀላቅሎ እንዲደራጅ፣ ክፍያውም በአንድ ተመን እንዲሆን በውሉ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። አንድ ጉድጓድ አብረው የቆፈሩ ሰዎች ይጣላሉ እንጂ አይተዋወቁም አይባልም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ቤቱን ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ነው። ኬንያ በካኩማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2016 በከፈተችው በካሎቤየይ ሰፈር የመጠለያው ገንዘብ ለራሱ ለስደተኛው ተሰጥቶ፣ ዕቃውን እርሱ እንዲገዛ፣ ግንበኛውንም እርሱ እንዲቀጥር ተደርጓል። ገንዘቡ በአካባቢው ገበያ ይዞራል፤ የቱርካና ግንበኛም ሥራ ያገኛል፤ ቤቱም የባለቤቱን ፍላጎት ይመስላል። አሶሳ ይህን ለማድረግ ከካሎቤየይ የተሻለ ሁኔታ አላት። ዕቃው በደጇ ነው። ሽመል በክልሉ በሰፊው ይበቅላል፤ የበርታው ጎጆ ግድግዳና አጥር ከእርሱ ነው፤ ከማዶ የመጣውም ሰው አያያዙን ያውቃል። የወሎው ሠፋሪ በምርጊትና በድንጋይ ሥራ የሠለጠነ ነው። የሥራው ደንብም አለ፤ ሠፋሪው ደቦ የሚለውን በሱዳን በኩል ነፊር ይሉታል፤ ሁለቱም አብሮ ሠርቶ አብሮ መጠጣት ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ መሠረቱ ከምስጥ የሚጠበቅበትን፣ ጣሪያው ንፋስ የሚቋቋምበትን፣ ጎርፉ የሚወጣበትን ማሳየትና ቦታውን በአግባቡ መሸንሸን ነው፤ የቀረውን ለባለ ቤቱ መተው ይችላል። ዑጋንዳ ለስደተኛ ቤተ ሰብ 30 በ30 ሜትር ቦታ የምትሰጥበት አሠራር በአሶሳ ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ መሬቱ ባለቤት አለውና። ነገር ግን ለልጅ ጎጆ የሚሆን ማስፋፊያ የሌለው ሽንሻኖ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወደ ጨረቃ ቤት እንደሚለወጥ ማወቅ ይበቃል።

የይዞታ ወረቀቱ በባልም በሚስትም ስም መውጣት ይኖርበታል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይዞ መውጣት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ባሎች በዚህ ምክንያት አባወራነታቸው አልቀረም። ያለዚህ «ለወንዱ ክብሩን እንመልስ» የሚለው አሳብ ለሴቲቱ ያላትን እንደ መቀማት ይሆናል። ግድግዳውን የምትመርገው፣ ወለሉን በእበት የምትለቀልቀው፣ ለጭቃው ውኃ የምትቀዳው እርሷ ናት፤ በቀን ሥራ ዝርዝር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አትመዘገብም። የሥራ መጠን ዝርዝር የሚያዘጋጅ መሐንዲስ «ምርጊት» ብሎ በካሬ ሜትር ሲጽፍ፣ ውኃ መቅዳትንም በጀሪካን መጻፍ አያቅተውም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት በኩርሙክ በኩል አዲስ ስደተኛ አምጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኡራ የተባለ አዲስ መስፈሪያ ተከፍቶ ሰዎችን መቀበል ጀምሯል። ሽንሻኖው ገና ሊታረም የሚችል ሰፈር ቢኖር ይህ ነው። በአሶሳ አካባቢ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ግንባታው የሚመቸው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ለቤት የሚሆን ሽመልም ሦስት ዓመት የሞላው፣ በበጋ የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ጮርቃውና በክረምት የተቆረጠው ቶሎ ይነቅዛል። ስለዚህ የቦታው ንድፍ፣ የሠራተኛው ውልና የመጠለያው ገንዘብ በጥቅምት ማለቂያ ዝግጁ ካልሆኑ፣ በኅዳር ሥራ ተቋራጩ ይገባና ቆርቆሮውን ራሱ ይመታዋል።